ግራ የገባት መኪና

እኔ ስለ መኪና የማውቀው መሳፈርና መውረድ ነው። ገነቴ እባላለሁ፤ ሆሳዕና ውስጥ በጽሕፈት ሥራ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ሻንሲ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ባሌ ሽብሩ ከሾፌር ጓደኞቹ ጋር ሲጨቃጨቅ የምሰማው ነገር ነው ብዬ እመልስ ነበር። ዘንድሮ ግን መዳፍ ላይ የምትቀመጥ መኪና ቤቴ ገብታ፣ ወገቧ ጠባብ ይሁን ሰፊ፣ ሞተሯ መሀል ይሁን ኋላ እያሉ ሲያማክሩኝ ከረሙ። እኔን! ስለ ቆጮ ጠይቁኝ እንጂ ይሄን ከየት አውቄው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽብሩ ከፎንቆ እህል ጭኖ አንዴ አዲስ አበባ፣ አንዴ አዲሎ የሚል የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ባለፈው ክረምት ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ ከዳው። ጌታ ይመስገን፣ እግሩ ተመለሰ። ምላሱማ ከድሮውም ብሶበት ነው የተመለሰው። የቀኝ እጁ ጣቶች ግን ወደ መዳፉ እየታጠፉ አስቸገሩ። የአይሱዙው ባለቤት ሀብቴ ደግ ሰው ነው፤ ጊዜያዊ ሾፌር ቀጥሮ፣ «እጅህ ሲድን ቁልፍህ እኔ ጋ አለ» አለው። ከዚያ ወዲህ ሽብሩ የሚያስበው ያንን ቁልፍ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ግማሽ ልቤ ቁልፉን ይቀበል ይላል፣ ግማሹ በዚያ እጁ ያንን የሚያህል መኪና ሲይዝ እያሰበ ይርዳል። የቱን እንደምመኝ ለራሴም አልገባኝም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጣቱን የሚያሠራበት የላስቲክ ኳስ ሰጥታው ነበር። «እኔ ውሻ ነኝ ወይ ኳስ የምታስይዘኝ?» ብሎ በአጥር ወረወረው። ይሄን የሰማው ፈትሁዲን፣ መናኸሪያው አጠገብ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ጎረቤታችን፣ አንዲት ሰማያዊ መኪና ከነሪሞቷ ይዞ መጣ።

«ጋሽ ሽብሩ፣ የልጅ መጫወቻ እንዳትመስልህ» አለው። «ወላሂ ትልልቅ ሰዎች የሚወዳደሩባት ናት። ሁሉ ነገሯ ይፈታል፣ ይለወጣል። በግራህ ነዳጅ ትሰጣታለህ፣ በቀኝህ መሪ ታዞራለህ።»

መሪ የሚለውን ቃል ሲሰማ የሽብሩ ፊት ሲበራ አየሁት። እኔም ደስ አለኝ፤ ምን እንደሚጠብቀኝ አላወቅኩማ።

የሳሎናችን ወለል ሴራሚክ ነው። ከበሩ እስከ ቴሌቪዥኑ ድረስ በሴራሚኮቹ መሀል ቀጥ ያለ መስመር አለ። ሽብሩ ጣቱን ወደ መስመሩ ቀስሮ፣ «ይቺ መኪና ይሄን ይዛ ሳትወላገድ ቴሌቪዥኑ ጋ የደረሰች ቀን ለሀብቴ ደውዬ ቁልፌን እቀበላለሁ» አለ። ተናግሮ የማያጥፍ ሰው ነው፤ አልሳቅኩም።

መኪናዋ ተነሣች፣ ትንሽ ሄደች፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፋ ከሶፋው ሥር ገባች። እንደገና ሞከረ። አሁንም ግራ።

«ውይ፣ መኪናዋም ግራ ገባት!» አልኩ። ሽብሩ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። ለዚያ ሳቅ ብዬ ነው እንግዲህ ሁሉንም የታገስኩት።

በመጀመሪያ ሪሞቱ ላይ መሪ የምታቃና ትንሽ ቁልፍ አለች ተባለና እሷን ወደ ቀኝ አዞርን። አንድ ጠዋት ቀጥ አለች፤ ሽብሩ ግን «ማታም ትድገመው» ብሎ ስልኩን አልነካም፤ እልል ልል አፌን ስከፍት፣ ማታ ጭራሽ ብሶባት አረፈው። ጎማ ነው ተባለ፤ ለሴራሚክ የሚሆን ለስላሳ ጎማ መጣ። ኩሽኔታ ነው ተባለ፤ የፕላስቲኩ ወጥቶ ምስር የምታክል የብረት ኩሽኔታ በየእግሯ ገባ። ካቻቢቴውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ሽብሩ እላዬ ላይ ቆሞ ያዛል። ብሎኗ ደግሞ አንዴ ካመለጠች ምንጣፍ ውስጥ ገብታ መነጽር ታስደርገኛለች። በመጨረሻ ሽብሩ፣ «ድከሚ ያለሽ፤ ይሄ የሻንሲ፣ የአጥንቷ ነገር ነው» አለኝ። «ሻንሲው የተመታ መኪና መሪ ብትለውጪለት፣ ጎማ ብትለውጪለት፣ ወደ አንድ ጎን መጎተቱን አይተውም። ማንንም ሾፌር ጠይቂ።»

ፈትሁዲን ሱቅ ሄድን። አዲስ አበባ ያለው የወንድሙ ልጅ የሻንሲ ፎቶ በስልክ ላከ፤ በሽ በሽ ነው። ጠባቡ ለመታጠፍ ይቀላል፣ ግን ይገለበጣል። ሰፊው አይገለበጥም፣ ግን ይከብዳል። ሞተሩ ኋላ ከሆነ ሲነሣ ያፈተልካል፣ መሀል ከሆነ ይረጋጋል። አንዱ ፕላስቲክ፣ አንዱ አሉሚኒየም፣ አንዱ ካርቦን።

«ካርቦን?» አልኩ። «በሁለት ወረቀት መሀል የምናስገባው ጥቁሩ? እሱ እንዴት አድርጎ መኪና ይሸከማል?»

ፈትሁዲን ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እትዬ ገነቴ፣ ይሄኛው ካርቦን ከብረት ይጠነክራል።»

«አንቺ ዝም ብለሽ ምረጪ» አለ ሽብሩ።

«ምኑን ልምረጥ? ሁሉም ተራቁቶ የተኛ ዓሣ ነው የሚመስለኝ!»

በኋላ ሰፊውን፣ ሞተሩ መሀል የሚገባበትን አሉሚኒየም ወሰድን። ስፈታ ስገጥም ዋልኩ። ጠዋት ደህና ናት፣ ሲመሽ ግራ። ሽብሩ ሻንሲውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ በአንድ ዓይኑ አየና፣ «ከፋብሪካው ተጣሞ ነው የመጣው፤ ካርቦኑ ይምጣልኝ» አለ። እኔ መቼም ትዕግሥቴ አለቀ። ጠዋት ጨዋ፣ ማታ ሰካራም የምትሆን ምን ዓይነት መኪና ናት? ይሄን ጥያቄ ይዤ ተኛሁ፣ ይዤውም ተነሣሁ።

ማክሰኞ ሽብሩ ጸጉሩን ሊቆረጥ ወጣ። ቤት ስጠርግ መኪናዋ መንገዴ ላይ ተገትራለች። «ነይ እስቲ አንቺ ጠማማ» ብዬ ሪሞቱን አነሣሁ። በሕይወቴ ምንም ነድቼ አላውቅም። ነዳጁን ጨመቅ አደረግኩ፣ መሪዋን አልነካኋትም። መኪናዋ መስመሩን ይዛ ሄዳ ቴሌቪዥኑን ገጨች። መልሼ ሞከርኩ፤ ቀጥ። አሮጌውን ፕላስቲክ ሻንሲ አውጥቼ፣ ላቤ ጠብ እስኪል ታግዬ ገጥሜ ሞከርኩት። እሱም ቀጥ! ያን ጊዜ ነው የሽብሩ ጣቶች ትዝ ያሉኝ። ሲደክሙ ወደ ራሱ ይታጠፋሉ፤ ሲታጠፉ ትንሿን መሪ አብረው ወደ ግራ ይስቧታል። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ነጠላዬን ደርቤ ፈትሁዲን ጋ በረርኩ። «አንተ ሻንሲዎቹን ሞክረሃቸዋል?»

ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «ሳልሞክር አልሰጥም፣ እትዬ ገነቴ። አንዱም አይጎትትም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ? አታፍርም?»

«ምን ብዬ ልንገረው? አንቺስ ትነግሪዋለሽ?»

ልነግረው ቤቴ ገባሁ፤ ጸጉሩን አሳምሮ መጥቶ፣ ካርቦኑ መቼ ይደርሳል ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «አይቀርም፣ ይመጣል» አልኩት። ረቡዕም እነግረዋለሁ ብዬ ሳልነግረው ቀረሁ። ሐሙስም እንደዚያው።

ቅዳሜ ሀብቴ ራሱ መጣ። ጊዜያዊው ሾፌር ሌላ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ነው። ወይ ሽብሩ ይመለሳል፣ ወይ ቋሚ ሰው ይቀጠራል። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «አንተ ድኛለሁ ካልከኝ እኔ ሌላ ነገር አልጠይቅም» አለ።

ሽብሩ ቁልፉን አየ፣ ወለሉን አየ። «እጄ ደህና ነው» አለ። «ሰው ስለዚች መኪና አውርቶልህ ይሆናል። እሷ ሻንሲዋ ጠማማ ነው፤ ማንም ቢነዳት ግራ ነው የምትሄደው። ገነቴ፣ እስቲ ንጂና አሳዪው።»

ሪሞቱን ሰጠኝ። ሁለቱም እያዩኝ ነው። ጌታ ሆይ፣ ምን ጉድ ውስጥ ከተትከኝ! መሪዋን በጣቴ ጫፍ ወደ ራሴ ትንሽ ብቻ ብስባት ይበቃል። መኪናዋ ግራ ትገባለች፣ ባሌ ቁልፉን ይወስዳል፣ ቤቴ ሳቅ ይገባል። ከዚያስ? ከዚያ አይሱዙው እህል ተሸክሞ በገበያ ቀን ሰው መሀል ሲወርድ ታየኝ። ሲመሽ ታየኝ። እጁ ሲደክም ታየኝ።

ጣቴን ከመሪዋ ላይ አነሣሁና ነዳጁን ጨመቅኩት።

መኪናዋ መስመሩን ሳትለቅ ሄዳ ቴሌቪዥኑ ሥር ቆመች።

ሀብቴ ሳል ሳል አደረገው፣ ከዚያ ያልጮኸ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ በረንዳ ወጣ። ሽብሩ መኪናዋን አላያትም። የሚያየው እኔን ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አለኝ።

«ከማክሰኞ። ይቅር በለኝ ሽብሩ። አልቻልኩም።»

«እኔ ከመጀመሪያው ቀን አውቀዋለሁ።»

«አንተ ሰውዬ!» ብዬ ጮኽኩበት፤ ሀዘኑም ንዴቱም አንድ ላይ መጣብኝ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ስታስፈታኝ፣ ስታስገጥመኝ፣ ብሎን ስታስለቅመኝ የከረምከው ምን አስበህ ነው?»

«ሻንሲ እኮ ይለወጣል፣ ገነቴ» አለኝ። «መጥፎ ከሆነ አውጥተሽ ሌላ ትገጥሚያለሽ።»

በግራ እጁ ቁልፉን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ፣ ሀብቴ ተቀምጦ ወደነበረበት በኩል ገፋው። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩና ቀኝ እጁን ያዝኩት። ጣቶቹ ቀስ ብለው እጄ ላይ ታጠፉ። ይዞኝ ይሁን፣ በራሳቸው ታጥፈው ይሁን አላወቅኩም። አልጠየቅኩትም፤ እጄንም አላስለቀቅኩም።