የይበልጣል የብር ማንኪያ

፩

የራስ ቅሉን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ይህን ለእናንተ ለአንባቢዎች መናገር ቀላል ነው፤ አታውቁኝማ።

፪

የትእዛዝ ወረቀት

ዕቃ፦ የብር ማንኪያ፣ እጀታው ሥዕል ያለበት
አዛዥ፦ ስንዱ፣ የሕፃኑ የክርስትና እናት
ለማን፦ ለይበልጣል፣ በአርባ ቀኑ
ሥዕሉ፦ «ጋሽ ፈንታ፣ ከመጽሐፉ እርስዎ ይምረጡልኝ፤ ብቻ እንዲያምር።»

፫

መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ድሮ ፈረንጆች ለማንኪያ፣ ለቢላ፣ ለጽዋ የቀረጿቸው ጌጦች ናቸው። የመረጥኩት ሥዕል በግራው የወይን ሐረግና የሚስቅ ሕፃን አለው። በቀኙ የራስ ቅል፣ በዓይኑ ጉድጓድ እባብ የገባበት። አቤት አሠራሩ! እጄን በላኝ። ሁለቱንም ቀረጽኩ።

ስንዱ ስታየው ደንገጥ አለች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«የፈረንጅ ጌጥ ነው፤ ምን አለበት!»

አመነችኝ።

፬

የግርጌ ማስታወሻ (ዘግይቶ የተነበበ)

እንግሊዝኛ የምታነበው የእህቴ ልጅ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ነገረችኝ። ሁለቱ ግማሾች የተሣሉት ለምርጫ ነው። ሠሪው አንዱን ወስዶ በሌላው ጎን ይደግመዋል እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ አይቀርጽም። ሕፃኑ የሕይወት፣ ቅሉ የሞት ምልክት ነው።

፭

ይበልጣል በአምስት ወሩ ሞተ።

ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው ብሏል። ማን ሰምቶት! ማንኪያውን ያየ ሁሉ ጣቱን ስንዱ ላይ ቀሰረ። ልጅ አልወለደችም፤ ቀንታ ነው ቅል ያስቀረጸችበት አሉ። እሷና የሕፃኑ እናት ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው።

፮

ይህን ክፍል ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

ለምን ዝም አልክ ትሉኝ ይሆናል። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። የጎረቤት ልጅ ታመመና «ቡዳው በላው» ተባለ፤ ቤታችንን ጥለን ወጣን። ሰባት ዓመቴ ነበር። ዛሬ እኔም ብር ሠሪ ነኝ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ። የሞተ ሕፃን ማንኪያ ላይ በገዛ ፈቃዴ ቅል ቀረጽኩ ብል ምን እንደምባል አውቃለሁ።

ፈራሁ።

፯

ለቅሶ ቤት። ስንዱ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆማለች፤ ግቢ ያላት የለም። የይበልጣል እናት አትጠገብ ማንኪያውን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችው።

አትጠገብ፦ ጋሽ ፈንታ፣ እውነቱን ይንገሩኝ።

እኔ፦ እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ።

አትጠገብ፦ ይህን ቅል ቅረጹ ያለችዎ ስንዱ ናት?

(ለቀስተኛው ሁሉ ወደኔ ዞረ።)

አትጠገብ፦ ኧረ ይናገሩ! እሷ ናት?

እኔ፦