የቫዮላው ወንበር

«እትዬ ሮማን፣ የቅዳሜውን ኮንሰርት ልንሰርዘው ነው» አለች በድሪያ፣ በድንኳኑ ውስጥ ከተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች መካከል ቁጢጥ ብላ። «ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሮማነወርቅ ነጠላዋን ከግንባሯ ገለጥ አደረገች። ባሏ ነጋሳ ከተቀበረ ገና ማግስቱ ነው። ልጆች እያስተማረ ሳለ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አለፈ። ከዚያ ወዲህ የሚነግሯትን ሁሉ እሺ ስትል ነው የቆየችው።

«ለምን?» አለች አሁን ግን።

«አራት ሆነው የሚጫወቱት ያለ ቫዮላ አይሆንም። ቫዮላውን የሚይዙት ደግሞ ጋሼ ነበሩ።»

«ሌንሳስ?»

በድሪያ አንገቷን ደፋች። እሷም የነጋሳ ተማሪ ነበረች፤ ዛሬ እዚያው ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ሌንሳ ደግሞ ነጋሳ ቫዮሊን ያስተምራት የነበረች የወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ልጅ ናት። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ አንድ የሙዚቃ መምህር መጥተው ሊሰሟትና ወደ ትምህርት ቤታቸው ሊወስዷት ነበር። ሰውየው ሌላ ቀን የላቸውም፤ ምዝገባውም ሊዘጋ ነው። ነጋሳ ዓመቱን ሙሉ የደከመው ለዚች ቀን ነበር።

ነፋሱ የድንኳኑን ሸራ ያርገበግበዋል። ከፔርሙዝ ሻይ የሚቀዱ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«አዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴል የሚጫወት ሰው እኮ ነበር። ለነዚህ ልጆች ብሎ እዚህ ቀረ።»

«ሚስቱንስ ከየት አገኛት?»

«ፀጉር ቤት ነበራት አሉ።»

ሮማነወርቅ ሰማቻቸው። ፈገግታ ሊያመልጣት ሲል ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

እውነት ነው፤ ፀጉር ቤቷ ከሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። ትምህርት ቤት ይባል እንጂ ያኔ የተከራዩት የእህል መጋዘን ነው። አንድ ቀን ከግድግዳው ማዶ ሲጢጥ የሚለው ቫዮሊን ሰልችቷት፣ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ያለች ደንበኛዋ «ኧረ ይቺን ድመት አንድ በሏት!» ብላ ስትማረር፣ ሮማነወርቅ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ሄዳ በሩን ገፋችው።

«ቀኑን ሙሉ አንድ ድምፅ ብቻ! አይሰለችዎትም?»

ልጅ የሚያስተምረው ረጅም ሰውዬ፣ ነጋሳ፣ አልተቆጣም። «ልጁ ገና አላገኛትማ» አላት። «እስኪያገኛት ቁጭ ይበሉ።»

ቁጭ አለች። ልጁ ድምፁን ሲያገኘው ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ ደንበኛዋም ፀጉሯ እንደተጠቀለለ ተናዳ ሄዳለች።

በዚያው ክረምት ነጋሳ ለአዋቂ ጀማሪዎች ወርክሾፕ ከፈተ። የመጣው ሁሉ ቫዮሊን ፈለገ። ቫዮላው፣ ከቫዮሊን ተለቅ፣ ድምፁም ወፈር የሚለው፣ ጥግ ላይ ቀረ።

«ዜማውን ብዙ ጊዜ እሱ አይመራም» አላት ነጋሳ ሳይደብቅ። «መሀል ሆኖ ሌሎቹን ማገናኘት ነው ሥራው።»

«ፀጉር ቤትም የምሠራው እሱን ነው» አለችና አነሳችው።

ከዚያ በኋላ አብረው ያልዞሩበት የለም። ወንጂ በሠራተኞች ክበብ ሲጫወቱ፣ አንድ የፋብሪካ ጡረተኛ መሀል ላይ ተነስቶ «ቅድም ያላችኋትን ድገሟት» አለ፤ ደገሙለት። ላንጋኖ አንድ ሆቴል ጋብዟቸው፣ እንግዳው ዓሣውን ሲበላ የሚሰማቸው አልነበረም። ድንገት ነፋስ ኖታቸውን አንስቶ ሐይቁ ውስጥ ጨመረው። ነጋሳ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ፤ ወረቀቱን እየለቀመ ተመለሰና የሚንጠባጠበውን ዘርግቶ ካቆሙበት ቀጠሉ። ያን ጊዜ ነው ሰው ሹካውን አስቀምጦ የሰማቸው። ማታውኑ እንድታገባው ጠየቃት።

በኋላ እናቷ አልጋ ላይ ዋሉ። እሳቸውን ስታስታምም፣ ለፀጉር ቤቱም ስትሮጥ፣ ቫዮላውን አስቀመጠችው። ተማሪ እስኪገኝለት ብሎ ነጋሳ ያዘው፤ በዚያው ዓመታት ነጎዱ። ቤት ውስጥ ሲለማመድ ግን ሽንኩርት እየከተፈች ሁሉንም ትሰማ ነበር።

«አትሰርዙት» አለቻት ሮማነወርቅ አሁን በድሪያን። «እኔ እጫወታለሁ።»

ፊት ለፊት የተቀመጡት ምልኬሳ፣ ደራ በእርሻ የሚኖሩት የነጋሳ ታላቅ ወንድም፣ ቀና አሉ።

«አፈሩ ሳይደርቅ? ሮማን፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያሻውን ይበል፣ ጋሼ ምልኬሳ። ልጅቷ ግን ሌላ ቅዳሜ የላትም።»

«ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ዘፈን…»

«ዘፈን አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ወንድምዎ መሬቱን አለስልሶ ሳይዘራ ቢሞት፣ እርስዎ ማሳውን ጦም ያሳድሩት ነበር?» አለቻቸው።

ምልኬሳ ከዘራቸውን አሻሹ።

«ዝናቡ ከመጣማ…» አሉ በመጨረሻ። «ጀባዹ፤ በርቺ። ጥቁርሽን ግን እንዳታወልቂ።»

ልምምዱ በጓዳ ሆነ። ከሙዚቃው ፈጣኑን ክፍል ተዉትና ቀስ የሚለውን ብቻ ያዙ። ክሩ የለሰለሱ ጣቶቿን ቆረጣቸው፤ ደጋኑም በእጇ ከበዳት። ነጋሳ የራሱን ክፍል ከመጀመሩ በፊት በአፍንጫው በኃይል ይተነፍስ የነበረበት ቦታ ሲደርሱ፣ ሁሉም ያንን ትንፋሽ ጠበቁ መሰል፣ አራቱም መጫወት አቆሙ። ሌንሳ አለቀሰች። ሮማነወርቅ ቫዮላውን ጭኗ ላይ አድርጋ እስኪወጣላት ጠበቀቻት።

«እንደገና» አለች ከዚያ።

ዓርብ ሰልስቱ ወጣ፤ ድንኳኑም ፈረሰ።

ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ፣ አሮጌው መጋዘን፣ ሞላ። ምልኬሳ ጋቢያቸውን ደርበው ከፊት ተቀመጡ። ሮማነወርቅ በጥቁር ልብሷ ወጥታ ነጋሳ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የኖታው መቆሚያ እሱ በተወው ቁመት ነበር፤ ለእሷ አናቷ ላይ ደረሰ። በድሪያ ዝቅ ልታደርገው እጇን ስትሰድ «ተይው» አለቻት።

አንገቷን አስግጋ ተጫወተች። መጀመሪያ ላይ ሁለት ቦታ ሳተች። ሌንሳ በልማድ ወደ መምህሯ ቦታ ዞር ስትል ሮማነወርቅን አገኘች፤ ሮማነወርቅም ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ምልክት ሰጠቻት። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ዜማውን ወሰደችው። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳተም።

ሲያበቃ ሰው ሁሉ ግራ ተጋባ። ምልኬሳ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው «ማጨብጨብ ይቻላል?» አሉ፤ መልስ ሳይጠብቁ እሳቸው ጀመሩ። ቤቱ ተከተላቸው።

የአዲስ አበባው መምህር ሌንሳን ለብቻዋ አነጋግረው ሲጨርሱ ልጅቷ እየሮጠች መጣች።

«ተቀበሉኝ እትዬ! መስከረም ላይ ነይ አሉኝ!»

ሮማነወርቅ አቅፋ ሳመቻት። አዳራሹ ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። ልጆቹ ወንበር ሲደራርቡ፣ መቆሚያዎቹን ሲያጣጥፉ፣ አንዱ ከፊቷ ያለውንም ሊያነሳ መጣ።

«ይሄን ተወው» አለችው። «ሰኞም አለሁ።»

ብቻዋን ስትቀር ተነሳች። የመቆሚያውን ብሎን ይዛ ጥቂት ቆየች። ከዚያ አላላችውና ቀስ አድርጋ፣ እስከ ዓይኗ ድረስ፣ ዝቅ አደረገችው።