አንበሳው መይሙና ቤት ሲከሰስ

«አንበሳው አምልጧል አሉ!»

እትዬ ሸዋረጋ ይህን ያሉት ሰኞ ጠዋት ነው። ማክሰኞም ደገሙት፤ ረቡዕ ላይ ግን ጎፈር ጨመሩለት። ሰኞ ከወደ ስድስት ኪሎ ሾልኮ የወጣው ደቦል፣ ማክሰኞ ራስ መኮንን ድልድይ ሥር ውሃ ሲጠጣ የታየ ጎረምሳ ሆነ። ረቡዕ ደግሞ ጊዮርጊስ ዙሪያ ሲያገሳ ያደረ፣ ጎፈሩ መሬት የሚጠርግ ሽማግሌ።

«እትዬ፣ በዚህ አያያዝ እኮ ዓርብ ላይ በእርጅና ይሞታል» አለቻቸው መይሙና፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

«ሳቂ! አንቺ ሳቂ! እኔ የሰማሁትን ነው። ልጆቹን ግን እንዳታስወጪ፣ አደራ!» ብለው እትዬ ሸዋረጋ ወሬያቸውን ይዘው ወደሚቀጥለው መስኮት አለፉ።

ልጆቹ የወንድሟ የሸምሰዲን ናቸው። እሱና ሚስቱ ለለቅሶ አገር ቤት ሲወርዱ ሦስቱንም ለእሷ ትተው ሄደዋል፤ ክርክር ከምግብ የሚበልጥበትን ሽኩርን፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይዋን ሸሪፋንና ገና አራት ዓመት ያልሞላውን ቡሽራን። በደጉ ቀን እነዚህ ልጆች ጠዋት ወጥተው የሚመለሱት ሲርባቸው ነው። አሁን ግን ሰፈሩ በሙሉ ልጁን ቆልፏል። መይሙናም ብትሆን በአንበሳው አላመነችም፤ ቢሆንም «እውነት ቢሆንስ?» የምትል ነገር ሆዷ ውስጥ ገብታ አልወጣ ስላለቻት በሩን ቀርቅራዋለች።

መይሙናን ያስጨነቃት አንበሳው ሳይሆን ቬሎው ነበር። ፒያሳ ላይ ትልቅ የስፌት ቤት ያላቸው ማዳም አራክሲ «የሙሽራዋን የተናኘወርቅን ቬሎ ቅዳሜ አሳምረሽ ካስረከብሽ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ያንቺ ነው» ብለዋታል። መስኮቱ አጠገብ! መንገደኛው ሁሉ ቆሞ የሚያየው ወንበር! መይሙና አሮጌ ቀሚስ እየተረተረች መልሳ በመስፋት በገዛ እጇ የተማረች ናት። ያስተማራት ሰው ስለሌለ የምታመሰግነውም ሰው የለም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቃት ትናገራለች። ቀሚሱን ጨርሳለች። የቀራት ዓይነ ርግቡ ነው። የሙሽራዋ እናት «መሬት ለመሬት ካልተጎተተ ልጄን ዳርኩ አልልም» ያሉለት፣ ከአናት ተነሥቶ ደጅ የሚደርስ ስስ ነጭ ጨርቅ።

እና ያ ጨርቅ ከሦስት ልጅ ጋር በአንዲት ክፍል ውስጥ።

ሰኞን በአዝራር ቆጠራ ሸነገለቻቸው። ማክሰኞ እንቆቅልሽ ተጀመረ፤ ሸሪፋ የጠየቀቻትን መይሙና መመለስ አቃታት።

«አላወቅሽም! አገር ስጪኝ!»

«ጅማን ሰጠሁሽ።»

«ጅማን አልፈልግም!»

«እሺ ሐረርን ውሰጂ።»

«ሩቅ ነው። ፒያሳን ስጪኝ፣ ከነኬክ ቤቱ!»

«ፒያሳማ የኔ ናት» አለች መይሙና ኮስተር ብላ። «ሌላ ጠይቂ።»

እስከ ረቡዕ ማታ በፒያሳ የተነሣ ጦርነት ሆነ። ቡሽራ ኬክ ቤቱን ያዘ፣ ሽኩር ሲኒማውን፤ ሸሪፋ ምኒልክ አደባባይ ላይ ቁጭ ብላ ማንንም አላሳልፍም አለች። አደባባዩ ደግሞ የመይሙና አልጋ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ልጆቹ ገና ዓይናቸውን ሲገልጡ «ዛሬስ ምን እንጫወት?» አሉ። መይሙና መርፌዋን በጥርሷ እንደያዘች አሰበችና፣

«አንበሳውን እንክሰሰው!» አለች። «እቤት የቆለፈን እሱ አይደል?»

ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ሽኩር ከሳሽ ሆነ። ቡሽራ የጨርቅ ቁርጥራጭ ባንገቱ ዙሪያ ታስሮለት አንበሳ ሆነ። ሸሪፋ ማንም ሳይሾማት የአንበሳው ጠበቃ ሆነች።

«ዳኛስ?» አለ ሽኩር።

«ዳኛማ ከመንገድ ነው የሚያዘው። ድሮ ሁለት ሰው ከተጣላ መንገደኛውን ‹በሕግ አምላክ!› ብሎ ያቆመዋል። የቆመ ሰው ደግሞ ሳይፈርድ አይሄድም። በመስኮት ጥሩ።»

ይህን ብላ ካውያዋ ላይ ፍም ልትጨምር ወደ ጓሮ ወጣች። እዚያ ሆና ፍሙን እያራገበች በግድግዳው በኩል ትሰማለች።

«በሕግ አምላክ!»

የሚራመድ ጫማ ቀጥ አለ። «ማ... ማነው?» አለ የወንድ ድምፅ።

«ችሎት ነው። ይግቡ ጌታዬ፣ ደጅ አንበሳ አለ።»

እንዲህ ያለ ግብዣ የሚገፋ ማን አለ? በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። መይሙና አንገቷን አስግጋ በጓሮው መስኮት አየችው፤ ክራቫት ያሰረ፣ ጃንጥላ ያነገበ የመሥሪያ ቤት ሰው። የስፌት ወንበሯን አቅርበውለት እንደ ወንበር ዳኛ ደልደል ብሏል።

«ተጠየቅ!» አለ ሽኩር።

«ልጠየቅ» አለ ቡሽራ በቀጭኑ።

«አንበሳ ‹ልጠየቅ› አይልም!» ሸሪፋ ጮኸች። «‹ጓ› ነው የሚለው!»

«ጓ!»

«ብይ እንዳንመታ፣ ሰኞ ማክሰኞ እንዳንዘል አድርገሃል ወይስ አላደረግህም?»

«ጓ!»

«ጌታዬ፣ አመነ!»

«አላመነም! እኔ ሳልፈቅድለት አያምንም!»

«ጸጥታ!» ሰውዬው ጃንጥላውን ወለሉ ላይ ደቃ። ድምፁ የወፈረው በአንድ ጊዜ ነው፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህን ያህል የሚሰማው ሰው እንደሌለ ያስታውቃል። «ሥርዓት በሌለው ችሎት እኔ አልቀመጥም! ከሳሽና ተከሳሽ ሳይቆራኙ የምን ሙግት ነው? በአያቴ ጊዜ ነጠላ ለነጠላ ታስረው ነበር የሚቆሙት። ነጠላ አምጡ!»

መይሙና በሳቅ ፍሙን ልትደፋው ደረሰች። ሳቋ ሳያልቅ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ነጠላዋ እዚህ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ያለው ነጭ ጨርቅ...

«አትጎትተኝ!»

«ጓ!»

«ያዙት! አንበሳው አመለጠ!»

በሩ ተበርግዶ ቡሽራ ግቢው ውስጥ ተወረወረ፤ ጎፈሩ አንድ ትከሻው ላይ ተንሸራቷል። ከኋላው በሌላኛው ጫፍ የታሰረው ሽኩር እየተንከባለለ ተከተለ። ዓይነ ርግቡ የበሩን ሚስማር ተሳልሞ፣ የሚያዝያ ዝናብ ያቆረውን ጭቃ ጠርጎ አለፈ። እትዬ ሸዋረጋ መስኮታቸውን ከፍተው «አንበሳው አመለጠ!» የሚለውን ሰሙ። ከዚያ በላይ መስማት አላስፈለጋቸውም።

«ኡኡ! የሰው ያለህ! መይሙና ግቢ ገብቷል!»

ሰፈሩ ውስጥ በር በበር ላይ ተደረገመ። አንዱ ድስት ይደበድባል፣ አንዱ በዓይኔ አየሁት ብሎ ይምላል። መይሙና ካውያዋን እንዳንጠለጠለች ቤት ስትገባ ዳኛው የስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል፤ ጃንጥላውን ዘርግቶ እንደ ጋሻ ይዞታል።

«ይውረዱ ጌታዬ» አለችው። «ተከሳሹ ገና አራት ዓመት አልሞላውም።»

ሰውዬው ወረደ። ክራቫቱን አስተካከለ። «ፍርዱ በይደር ነው» ብሎ ወጣ።

ዓይነ ርግቡ ወገቡ ድረስ ጭቃ ነው፤ መሐሉ ደግሞ ተተርትሯል። መይሙና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር እግር አውጥቶ ሲሄድ ታያት። ሽኩርና ሸሪፋ በሩ ኋላ ተሸጎጡ። ቡሽራ ብቻ ቀስ ብሎ ተጠግቶ ጉልበቷን ነካ አደረገና፣

«አክስቴ፣ ‹ጓ› ልበልልሽ?» አላት።

ልታለቅስ ከፍታ የነበረው አፏ ሳቅ አወጣ። ከዚያ መቀሷን አነሣች። የቆሸሸውን በሙሉ ቆርጣ ጣለችው። የተረፈው ከአናት ተነሥቶ ክንድ ላይ ያልቃል። ጠርዙን በዳንቴል ከበበችው፤ ሦስቱ ልጆች አፋቸው ላይ ጣታቸውን አድርገው ክር እያቀበሏት።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ሸዋረጋ «አንበሳው ተያዘ አሉ! አንድ ክራቫት ያሰረ ጀግና በጃንጥላ ነው አሉ የያዘው!» እያሉ ዞሩ። ልጅ ሁሉ ወደ መንገድ ፈሰሰ። የሙሽራዋ እናት ግን መያዙን አላመኑም፤ ከቤት አልወጣም ስላሉ ተናኘወርቅ ብቻዋን በታክሲ መጣች። ቬሎውን ለበሰች፣ ዓይነ ርግቡን አጠለቀች፣ ቀሪውን ፍለጋ ወደ ኋላዋ ዞረች።

«ሌላውስ?»

መይሙና አገጯን ቀና አደረገች።

«ሌላ የለም። መሬት የሚጠርግ ዓይነ ርግብ ያምና ነው። ዘንድሮ የሚታየው የሙሽራዋ ፊት ነው። እናትሽ ወለሉን ማስጠረግ ከፈለጉ መጥረጊያ ይግዙ።»

ተናኘወርቅ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ጉንጯን ስማት ቬሎውን ይዛ ወደ ማዳም አራክሲ በረረች። ማዳም ዙሪያውን ዞረው አዩት፣ ጠርዙን ገልብጠው አዩት፤ ሰኞ ዕለት ወንበሩ የመይሙና ሆነ። በክረምቱ መግቢያ ፒያሳ ውስጥ ረጅም ዓይነ ርግብ የሚያሰፋ ሰው ጠፋ፤ መይሙናም ‹የዘንድሮ ነው› ያለችውን ራሷ አመነችው።

መስከረም ላይ ተናኘወርቅ ሆዷ ገፍቶ፣ ቀሚስ ልታሰፋ ወደ ስፌት ቤቱ መጣች። መይሙና በሜትር ስትለካት ተናኘወርቅ ድንገት በሳቅ ፈነዳች።

«ምነው?»

«ያ ቅዳሜ ትዝ ብሎኝ። እህቴ ከኔ በፊት በሠርጓ ዕለት እንደዚያው ያለ ረጅም ዓይነ ርግብ ረግጣ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ከነሚዜዋ ተንከባላ ነው የወረደችው። እኔም ለእማዬ መንገር ፈርቼ፣ የኔን ስመለስ ታክሲ ውስጥ ልቆርጠው ቦርሳዬ ውስጥ መቀስ ይዤ ነበር።»