የዘንድሮ ብቻ

ታላቅ እህቱ እሱ በሚሠራበት የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በር ብቅ ስትል፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። እናታቸው ስትሞት ከትምህርቷ ቀርታ ያሳደገችው እሷ ናት። ለእሱ ዓይን ግን የታየው የላስቲክ ከረጢቷና ጠመኔ የነካው ሹራቧ ብቻ ነው። አጠገቡ አንድ የዩኒቨርሲቲው መምህር የሆነ ዶክተር ቆሞ ነበርና።

«ዘመድህ ናት?» አለ ዶክተሩ።

«የክረምት ተማሪ ናቸው። መምህርት» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሰምታለች። ሰምታም እንደ እንግዳ ሰው ወረፋዋን ያዘች።

ጉዳይዋ የመመረቂያ ጥናቷ ፕሮፖዛል ነው። ክፍል የደገሙ ልጆች ታናናሾቻቸውን ማንበብ ሲያስተምሩ ራሳቸውም ማንበብ ይለምዳሉ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ስታስተምር በዓይኗ ያየችው ነገር ነው። ሁለት ጊዜ አቅርባ ሁለቴም ተመልሶባታል፣ ሦስተኛው ከወደቀ ከትምህርቱ ትሰናበታለች። ከፕሮፖዛሉ ጋር ደግሞ ሌሎች ምን እንዳጠኑ የሚያሳይ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ የጥናቶች ዳታቤዝ የታተመ ገጽ መያያዝ አለበት።

ቶሎ ትሂድለት ብሎ የጥናቷን ቃላት ኮምፒውተሩ ላይ በጥድፊያ ጻፈ። ዜሮ ውጤት።

«የለም፤ ማንም አላጠናውም።»

«ማንም?» ፊቷ በራ። «እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ ማለት ነው?»

«ነዎት። ያትሙትና ይሂዱ።»

ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወጣች። ዶክተሩም ሄደ። ያን ጊዜ ነው በኮምፒውተሩ ገጽ ዳር ያለችውን ምልክት ያየው፦ «የዘንድሮ ብቻ»። ለዶክተሩ ሲፈልግ የዚህን ዓመት ጥናት ብቻ እንድታወጣ ያደረጋትን ምልክት ሳያነሳ ነው ለእህቱ የፈለገላት። አነሳት። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ጥናት ተግተለተለ።

ስልኩን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። ነገ እነግራታለሁ አለ። ነገ ነገን እየወለደ ሦስት ሳምንት ሞላ። ደግሞ፣ ይህን ማሰቡ ራሱ ነውር ነው፣ ከወደቀች እዚህ መምጣቷን ትተዋለች ብሎ አሰበ። አሰበና ቀለል አለው።

በግምገማው ቀን ቤተ መጻሕፍቱን ወክሎ ከገምጋሚዎቹ ጋር ተቀመጠ። እህቱ የተተኮሰ ኮት ለብሳ፣ ተማሪዎቿ እንዴት እንደሚያነቡ ሞቅ ብሏት አስረዳች። «ይህን እስካሁን ያጠና ሰው የለም» ብላም ወረቀቷን ዘረጋች።

ሰብሳቢዋ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ደቂቃ አልፈጀባትም።

«ከሦስት መቶ በላይ አለ እኮ!» አለች። አንዱ ገምጋሚ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ለመሆኑ ማነው የፈለገልዎት?»

እህቱ ጠረጴዛውን አየች።

«ራሴ ነኝ።»

በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሰብሳቢዋ ግን ወደ እሱ ዞረች። «ቤተ መጻሕፍቱ አያሳያቸውም እንዴ?»

እውነቱ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው።

«እናሳያለን እንጂ» አለ። «አንዳንዱ ሰው ግን ቢያሳዩትም አይገባውም።»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«እውነታቸውን ነው» አለች። «ደጋግመው አሳይተውኛል። የኔ ጭንቅላት ነው።»

ሰብሳቢዋ ስሟን ሰረዘች። «በሉ፣ ከትምህርቱ ተሰናብተዋልና የቤተ መጻሕፍት ካርድዎን ለእሳቸው ያስረክቡ።»

ከከረጢቷ ፈልጋ አወጣችና በሁለት እጇ ሰጠችው። ተቀበላት።