አራት ቤት በአንድ መስመር

ቬርና ኮልማየር ከነጋ የስልኩን እጀታ ስንት ጊዜ እንዳነሣችው እሷም አታውቀውም። ባነሣችው ቁጥር የሚቀበላት የወይዘሮ ኢርማ ድምፅ ነበር። ወይዘሮ ኢርማ ከከተማው ማዶ ከሚኖሩት እህታቸው ጋር ኮምጣጤ ውስጥ ስለሚዘፈዘፍ ኪያር ያወራሉ። ቬርና እጀታውን ቀስ አድርጋ ትመልሳለች፤ ወጥ ቤቱን ትዞራለች፤ የተወለወለውን ጠረጴዛ እንደገና ትወለውላለች፤ ተመልሳ ታነሣለች። የኪያሩ ወሬ አላለቀም።

በዚያ ዓመት በዴይተን ከተማ ዳርቻ ቤቶች ዝናብ እንዳገኘ እንጉዳይ ይፈሉ ነበር። የስልክ ሽቦ ግን ሊደርስባቸው አልቻለም። ስለዚህ አራት ቤት አንድ መስመር ይካፈላል። ሁለት ረጅም አንድ አጭር ሲጮህ የቬርና ነው። በሌላ ዐይነት ከጮኸ አያገባትም። አያገባም ይባላል እንጂ፣ እጀታ አንሥቶ የጎረቤት ወሬ ያላዳመጠ ሰው በዚያ መንገድ ላይ አልነበረም። አንዱ ሲያወራ ሌላው ይጠብቃል፤ ደንቡ ይኸው ነው። ቤት ከተቃጠለ ወይም ሰው በጠና ከታመመ ብቻ «መስመሩን ልቀቁልኝ» ማለት ይቻላል። ያንን የሰማ ሰው ምንም ሳይጠይቅ መዝጋት አለበት።

የአውሮፕላን መሣሪያ ፋብሪካው ኀላፊ አቶ ፔንደል «ዓርብ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀትር ባለው ጊዜ እደውልልዎታለሁ» ብሏት ነበር። «መስመር ካጣሁ ግን ቀጥላ ያለችውን ሴት እጠራለሁ። ቅር አይበልዎት፤ ተራ ጠባቂው ብዙ ነው።»

በጦርነቱ ጊዜ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ የከፍታ መለኪያ ትገጥም ነበር። ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ይዛ ከቦታው ታስገባለች፤ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ጦርነቱ ሲያልቅ ወንዶቹ ተመለሱ፤ ሴቶቹን ኬክ አብልተው፣ አመስግነው ሸኟቸው። ከዚያ ወዲህ አገባች፣ ወለደች፣ ማጠቢያ ማሽንና ቁመቷን የሚያህል ማቀዝቀዣ ገባላት። ባሏ ሌስተር አንዳንድ ቀን ቤት ውስጥ ስትንቆራጠጥ ያያትና «ምን ጎደለሽ?» ይላታል። በክፋት አይደለም፤ ግራ ገብቶት ነው። ቤቱ ሙሉ ነው። እሷ ግን እግሯን ጉንዳን እንደወረረው ሰው አንድ ቦታ መቆም አቅቷታል።

ማክሰኞ ልጇን ይዛ፣ ለሌስተር ሳትነግር፣ በአውቶቡስ ሄዳ ለሥራው አመለከተች። ሥራው ከተገኘ የአምስት ዓመቱን ግሌንን ማን እንደሚይዝላትም አስባበታለች። ወይዘሮ ኢርማ ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸውም አግብተው ወጥተዋል። ግሌንን ሲያዩ ፊታቸው ይበራል። መጀመሪያ ሥራው ይገኝ፣ ከዚያ እጠይቃቸዋለሁ ብላ ነበር።

አምስት ሰዓት አለፈ። እጀታውን አነሣች።

«ሽንኩርት ከጨመርሽበት እኮ ያን ጊዜ ነው የሚበላሸው» ይላሉ ወይዘሮ ኢርማ።

«እናታችን ትጨምር ነበር» ይላሉ እህትየዋ።

«እናታችን ያላደረገችው ነገር አለ? አባታችንንም አግብታለች።»

እህትማማቾቹ ተሳሳቁ። የቬርና አፍ ከሐሳቧ ቀደመ።

«ወይዘሮ ኢርማ፣ ቬርና ነኝ። መስመሩን ይልቀቁልኝ። ግሌንን ትኩሳት ይዞታል፤ ሐኪም ልጥራ።»

ሳቁ ተቆረጠ። ወይዘሮ ኢርማ «የኔ ልጅ» ብቻ ብለው ዘጉ። ከእሳቸው በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ሲዘጋ ተሰማ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ሎይስ ስታዳምጥ ኖራለች።

መስመሩ ነጻ ሆነ። ቬርና ወንበር ስባ ተቀመጠች። የተናገረችው ነገር የገባት ያኔ ነው። በዚያ ክረምት ልጆችን የሚያሽመደምደው ልምሻ አገሩን ወርሮት ነበር። መዋኛው ተዘግቷል፤ ሲኒማ ቤት ልጅ ይዞ መግባት ቀርቷል። የወይዘሮ ኢርማ የልጅ ልጅ አምና በትኩሳት ጀመራት፤ ዘንድሮ እግሯ በብረት ታስሮ ነው የምትሄደው።

በመስኮት ብታይ ሎይስ ደጅ ላይ ቆማ ልጆቿን ትጠራለች። ቀጥሎ ያለው ቤትም ልጆቹን ጠራ። ብዙም ሳይቆይ መንገዱ ላይ አንድም ልጅ አልቀረም። ባለ ሦስት ጎማዋ ብስክሌት እንደተጋደመች ቀረች፤ የሣር ማጠጫው ውሃ ማንም ሳይዘጋው ይረጫል።

ግሌን መጫወቻ መኪናውን ታቅፎ መጣ። «እማ፣ ልውጣ?»

«አትወጣም።»

«ለምን?»

«ታመሃል።»

ልጁ ሆዱን ዳሰሰ፤ ምላሱን አውጥቶ ለማየት ሞከረ። «የቱ ጋ ነው የታመምኩት?»

ቬርና ሳትመልስለት ስልኩ ጮኸ። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር።

«ወይዘሮ ኮልማየር?» አለ አቶ ፔንደል። «ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ይገባሉ። ይመችዎታል?»

«ይመቸኛል» አለች። እጀታውን ስትመልስ ይመጣል ያለችው ደስታ አልመጣም።

በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ኢርማ በጨርቅ የተሸፈነ ድስት ይዘው ደረጃው ላይ ቆመዋል። ሽርጣቸውን እንኳን አልፈቱም። ቬርና በሩን ገርበብ አድርጋ በሰውነቷ ሸፈነችው።

«የዶሮ ሾርባ ነው» አሉ። «አንገቱን ማጠፍ ይችላል? ልምሻ አንገት ያደርቃል፤ አገጩ ደረቱን ይነካለታል?»

«ይነካለታል።»

«እንግዲህ ተስፋ አለው። አሳልፊኝ፣ እኔ ልያዘው። አንቺ እረፊ። አሮጊትን በሽታ ምን ያደርጋታል?»

«አይግቡ፣ ወይዘሮ ኢርማ።»

ከውስጥ ግሌን መኪናውን እየነዳ እንደ ሞተር አጉረመረመ። የወይዘሮ ኢርማ ፊት ዐመድ መሰለ።

«ይቃዣል እንዴ?»

ቬርና ድስቱን ተቀብላ በሩን ዘጋችው። በመስታወቱ አሻግራ ስታይ አሮጊቷ በሽርጣቸው ዐይናቸውን እየጠረጉ ሣሩን አቋርጠው ሄዱ።

ድስቱን ይዛ ቆመች። አስቀመጠችው። መልሳ አነሣችው። ወሬው ሳይቀድማት ለሌስተር ልደውል ብላ እጀታውን ብታነሣ መስመሩ ተይዟል።

«ጤና ቢሮ ደወልኩ» ትላለች ሎይስ። «ከሰዓት በኋላ መጥተው በሯ ላይ «አትግቡ፣ አትውጡ» የሚል ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። ልጆቼ እኮ ትናንት ከእሱ ጋር በአንድ ውሃ ሲራጩ ነው የዋሉት። ማክሰኞ ደግሞ አውቶቡስ ላይ አሳፍራው ስትሄድ አይቻታለሁ። በዚህ ጊዜ ልጅ በአውቶቡስ ይወሰዳል? ምን ዐይነት እናት ናት?»

«ሎይስ፣ አፍሽን ሰብስቢ» አሉ ወይዘሮ ኢርማ። «ልጅ የታመመባት ሴት አትታማም።»

ቬርና ብትዘጋው ትችላለች። ልጁን ለሁለት ቀን አልጋ ላይ አስተኝታ ተሻለው ማለትም ትችላለች። ግን ያን ጊዜ ሰኞ የሚይዝላት ሰው የለም፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን አልፋ ብትወጣም ፖሊስ ይመልሳታል።

«ግሌን አልታመመም» አለች።

«ማን ነሽ?» አለች ሎይስ።

«ቬርና ነኝ። ትኩሳት የለውም። ከፋብሪካው ስልክ እየጠበቅሁ ነበር። ተደወለልኝ፤ ሰኞ ሥራ እገባለሁ። ሌስተር አልሰማም፤ እባካችሁ ከኔ አፍ ይስማው። ለጤና ቢሮውም ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«እኔ እዚህ ልጆቼን ደርድሬ አንገታቸውን እያጠፍሁ ስመረምር» አለች ሎይስ። «በልጅ ይዋሻል?»

«አይዋሽም።»

«ለስልክ ብለሽ?»

«ለስልክ ብዬ።»

ሎይስ ጆሮ እስኪያም አጋጭታ ዘጋችው። አራተኛው ቤትም በቀስታ ዘጋ። አንድ ሰው ብቻ ሲተነፍስ ይሰማል።

«ወይዘሮ ኢርማ?»

«ፊቴ ላይ ዘጋሽው።»

«አዎ።»

«ደረጃሽ ላይ ቆሜ ያየሁት የልጅ ልጄን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም» አሉ ወይዘሮ ኢርማ። ከዚያ «ማን ሊይዝልሽ ነው ሰኞ?» ብለው ጠየቁ።

«እርስዎን ልለምን አስቤ ነበር። አሁን በየት አፌ።»

«አትለምኚ እንግዲህ። ልጁን አምጪው። አሁኑኑ። ግንባሩን በገዛ እጄ ካልዳሰስሁ ዛሬ አላድርም።»

ቬርና ለጤና ቢሮው ደውላ ስድባቸውን ጠጣች። ከዚያ ልጇን ይዛ ሣሩን አቋረጠች። ከየቤቱ መጋረጃ ሲገለጥ ታውቋታል፤ ቀና አላለችም። ወይዘሮ ኢርማ ደረጃቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው። መዳፋቸውን በግሌን ግንባር ላይ አደረጉ፤ ከዚያ አንገቱ ሥር፤ ከዚያ ጉልበቶቹን ያዝ አድርገው እግሩን አጠፉና ዘረጉ። ልጁ ጨዋታ መስሎት ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«ባልሽ በስንት ሰዓት ነው የሚገባው?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«አሥራ አንድ ተኩል ላይ።»

«እስከ ማታ እኔ ዘንድ ይዋል። ለሌስተር የምትነግሪውን ልጁ አጠገባችሁ ሆኖ ባይሰማው ይሻላል።»

ስለ ሰኞ ምንም አላሉም። ቬርናም አልጠየቀችም። ባዶ እጇን ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ የሌስተር መኪና እስኪመጣ ድረስም ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ተመላለሰች።