የተረፉት ሦስት ዜሮዎች

«መልሱ ሁለት መቶ ሺህ ነው! አንቺ ግን ሁለት መቶ ብለሽ አስጠናሻት። ይኸው፣ ጉድሽን እዪ!»

ወይዘሮ ባዩሽ የልጃቸውን የፈተና ወረቀት አስጠኚዋ ፊት ጣል አደረጉት። ሚልካ ከቀጨኔ አዲሱ ገበያ ድረስ በታክሲ ሰልፍ ተንገላትታ ገና መግባቷ ነው፤ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም። ቤርሳቤህ ከእናቷ ጎን አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ከሃያ ከሚታረመው የፊዚክስ ፈተና ያገኘችው ስድስት ብቻ ነው።

ጥያቄው «ሦስት መቶ ሠላሳ አራት ዮክቶግራም የስንት ፕሮቶን ክብደት ነው?» ይላል። ዮክቶግራም የግራም ኢምንት ክፍልፋይ ነው፤ አንድ ፕሮቶን አንድ ነጥብ ስድስት ሰባት ዮክቶግራም ይመዝናል። ልጅቷ ሚልካ እንዳሳየቻት ደረጃ በደረጃ ሠርታ ሁለት መቶ ብላለች። ቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ሰርዞታል። የሌሎቹም ጥያቄዎች ነገር ያው ነው። ሚልካ ወረቀቱን አንድ ጊዜ አገላብጣ ነገሩ ገባት።

«እትዬ ባዩሽ፣ የተሳሳተው ቲቸር ማቲያስ ነው። ዮክቶግራሙን በግራም፣ ፕሮቶኑን በኪሎግራም ይዞ አካፈለ። ሦስት ዜሮ የተረፈው ለዚህ ነው።»

«አስተማሪው ተሳስቶ አንቺ ልክ ሆንሽ?»

«የአንድ ኪሎ በርበሬ ዋጋ ከፍለው አንድ ግራም ቢመዝኑልዎት ዝም ይላሉ?»

«የበርበሬ ፈተና አይደለም! ደግሞስ ማንም በዓይኑ አይቶት የማያውቀው ነገር፣ ሁለት መቶ ሆነ ሁለት መቶ ሺህ፣ ማንን ይጎዳል?»

«ቤርሳቤህን ነዋ! በትክክል ሠርታ አታውቂም ተባለች።»

ወይዘሮ ባዩሽ ክፉ ሴት አይደሉም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጨርቅ እየሸጡ ልጃቸውን እዚህ ያደረሱት ሐኪም ሆና ለማየት ነው። ለዚያ ደግሞ ማርክ ያስፈልጋል። ቲቸር ማቲያስ ቀን ላይ ደውሎ፣ የወደቁት ነገ በዚያው ፈተና ድጋሚ እንደሚፈተኑ፣ ከፈለጉም እሱ ራሱ ማታ ማታ ቤት እየመጣ ሊያስጠናት እንደሚችል ነግሯቸዋል። ራሱ ያስጠናትን ልጅ መቼም ራሱ አይጥላትም። ይህን ለማወቅ ፊዚክስ መማር አያስፈልግም።

«ጠልቼሽ አይደለም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዛሬ የእሱን መልስ አስጠኚያትና ትቀጥያለሽ። እምቢ ካልሽ በቃ፣ እሱ ይምጣ።»

ሚልካ በፊዚክስ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ከርማለች። ያለቻት ተማሪ ይቺው ቤርሳቤህ ናት፤ የቤት ኪራይዋም የሚወጣው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ዋጥ አደረገችው። ለአንድ ቀን ብቻ ነው ብላ ራሷን ሸነገለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እ... ማለቴ፣ ለነገ ብቻ ሁለት መቶ ሺህ በይ። ትክክለኛውን እኔና አንቺ እናውቀዋለን።»

«እሺ» አለች ቤርሳቤህ። ደብተሯን ገልጣ፣ አብረው የሠሩትን ስሌት አወጣችና ሁለት መቶውን በላጲስ መፈግፈግ ጀመረች።

አልተከራከረችም። ይህቺ ልጅ እኮ «ለምን?» ሳትል አንዲት መስመር የማትቀበል፣ ሚልካን ላብ በላብ የምታደርግ ልጅ ነበረች። አሁን ቁጥሩን እንደ ቆሻሻ ታጠፋዋለች። ሚልካ ደሟ ፈላ። የተናደደችው በማቲያስ ወይም በባዩሽ አልነበረም፤ በራሷ ነው። ላጲሱን ከልጅቷ ጣቶች መነጨቀችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ምን መሆንሽ ነው?» አሉ ወይዘሮ ባዩሽ።

«ይህን አላስጠናም! ነገ ጠዋት አብሬያት ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ቲቸር ማቲያስ ፊት ስሌቱን እሠራዋለሁ። አልሰማም ካለ ርዕሰ መምህሩ አለ።»

«አስጠኚ ምን አገባት ብለው ቢያስወጡሽስ?»

«በር ላይ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ። መቼም ወደ ቤታቸው መውጣታቸው አይቀርም።»

«የቤት ኪራይሽስ?»

ይቺኛዋ ወጋቻት።

«እሱን እኔ አውቃለሁ» አለች። አታውቅም ነበር።

«እንግዲያው የልጄን ላጲስ መልሺ!»

«አልመልስም።»

ሚልካ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አውጥታ ቤርሳቤህ ፊት አስቀመጠች። «ነገ በዚህ ነው የምትጽፊው።»

ቤርሳቤህ እስክሪብቶውን አየች፤ እናቷን አየች። ከዚያ በግማሽ የጠፋው ቁጥር ላይ ወረቀቱ እስኪጎደጉድ ተጭና ጻፈችበት። ወይዘሮ ባዩሽ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ልጅቷ ቀና አለች።

«እማዬ፣ ሁለት መቶ ነው» አለች።