በመልእክተኛው ካባ ላይ የታሰረው ቁራኛ

በዘመነ ሉቃስ፣ የሐምሌ ዝናብ ሳያባራ በዘነበበት፣ የነሐሴ ፀሐይ ግን አዝመራውን ባጠወለገችበት ዓመት፣ በምድረ ሐመር የሆነው ይህ ነው። ግፈኛ ገዥ በገዛ ክንዱ ብቻ ጸንቶ እንደማይኖር አስተዋይ አንባቢ ልብ ይበል፤ ከሩቅ ሆኖ የሚደግፈው፣ ግፉንም አይቶ እንዳላየ የሚያልፍለት፣ ስሙ የከበረና እጁ የታጠበ ወዳጅ አለው። የምድረ ሐመር ገዥ መስፍን ሠርጸ ወልድ የአውሮፓ ነገሥታትን መርከብ በወደቡ ያሳርፍ፣ ባሕር ሊሻገር የመጣውንም ምስኪን ስደተኛ በጅራፍ ይመልስ ነበር። እነርሱም በምላሹ ጠመንጃና ሰንሰለት ይልኩለት ነበር፤ ስለ ፍትሕና ስለ ርትዕ ግን በየአደባባያቸው መስበካቸውን አልተዉም።

በደጋው ጓንጉል ይመር የሚባል፣ ቃሉ ጥቂት፣ ፊቱ ኮስታራ የሆነ አራሽ ነበረ። ልጁ ምትኩ በሸንጎ ተነሥቶ «እኩሌታው እህል ለግብር ከሄደ ምን ልንዘራ ነው?» ብሎ ስለ ጠየቀ በወደቡ ግንብ ታሰረ፤ በጥቅምትም እንዲሰቀል ተፈረደበት። የአውሮፓው መልእክተኛ ውሉን ሊያድስ በመጣ ጊዜ ጓንጉል ወደ አደባባዩ ወረደ፤ መልእክተኛው ከመስፍኑ ቀኝ እንደ ተቀመጠ ቀርቦ የራሱን ኩታ ጫፍ ከመልእክተኛው ካባ ጫፍ ጋር ቋጠረ። ይህ በአገሩ ሕግ ቁራኛ ይባላል፤ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተሳስረው ዳኛ ፊት ይቆማሉ፣ ከፍርድ በፊት ቋጠሮውን የቆረጠም እንደ ተረታ ይቆጠራል። መልእክተኛው ግን የክብር አቀባበል መስሎት ፈገግ አለ፤ የጓንጉልንም ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«አያ ጓንጉል፣ ፈረንጅ ጠምደህ ልታርስ ነው?» አለ ከዘበኞቹ አንዱ፤ ሰዉም ሳቀ።

«ለቀንበር አይሆንም። በሬ እንኳ ጓደኛው ሲወድቅ ይቆማል» አለ ጓንጉል።

አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ «ክቡርነትዎ፣ ሰውየው ከስሶዎታል» ሲለው የመልእክተኛው ፈገግታ ጠፋ። «እኔ ምን በደልኩት?» አለ።

«ልጄ የታሰረበት ሰንሰለት በእናንተ መርከብ የመጣ ነው። አንድ ቃል ይናገሩና ይፈታልኝ።»

«ኀዘንዎ ይገባኛል፣ አባቴ። ነገር ግን መስፍኑ የባሕሩን በር ይጠብቅልናል፤ የቤታችሁን ጉዳይ እናንተው ጨርሱት» አለና ከወገቡ ሰንጢ አውጥቶ ቋጠሮውን ቆረጠ።

በአደባባዩ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የተሰበሰበው ሁሉ ሰውየው በገዛ እጁ እንደ ተረታ አየ፤ ያላወቀው እርሱ ብቻ ነበር፤ ካባውንም አራግፎ ወደ መርከቡ ወረደ። ጓንጉል አልተከተለውም። ከባሕር ማዶ ዳኛ መጠበቁን በዚያች ቅጽበት ተወ፤ የዙፋኑን ደረጃ ወጥቶም በቀረው የኩታው ጫፍ የመስፍን ሠርጸ ወልድን ካባ ቋጠረ።

«በሕግ አምላክ» አለ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ልጄ ፊቴ ሳይቆም ከዚህ አልንቀሳቀስም።»

ዘበኞቹ መሣሪያቸውን አነሡ፤ ነገር ግን ከሸንጎው አዛውንት አንዱ በዝግታ ወጥቶ የራሱን ኩታ ከጓንጉል ኩታ ጋር አሰረ፤ ከኋላውም ሌላው፣ ከዚያም ሌላው ቀጠለ፤ መስፍኑም ወደ ባሕሩ ቢመለከት መርከቡ ሸራውን ዘርግቶ ነበር። በባዕድ ትከሻ ላይ የተሠራ ዙፋን፣ ባዕዱ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የራሱ እግር እንደሌለው ያን ጊዜ ያውቃል።